ስም ከዲድ ላይ ሲወጣ ዕዳው የት ይቀራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና ገንዘብ

ጥያቄ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የ41 ዓመት ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ከጓደኛዬ ጋር በ420,000 ዶላር ቤት ገዛን። ጓደኛዬ ስላችሁ በአንድ ሰፈር አብረን ያደግን፣ አሜሪካ ስገባ ከአየር ማረፊያ የተቀበለኝ፣ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ተጋርተን የኖርን ሰው ነው። ለየብቻ የማንችለውን ለሁለት እንችለዋለን ብለን 3.5 በመቶ ቅድሚያ ከፈልን፤ ቀሪውን የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ባለው በኤፍ ኤች ኤ ብድር፣ በ2.875 በመቶ ወለድ፣ ለ30 ዓመት ተበደርን። በብድሩም በዲዱም (በባለቤትነት ሰነዱ) ላይ የሁለታችን ስም አለ። በመካከላችን ግን አንዲት መስመር የተጻፈ ውል የለም፤ ውል እንጻፍ ማለት ያን ጊዜ እንደ አለመተማመን ይቆጠርብኝ ነበር።

በጁላይ 2023 ጓደኛዬ ትዳር መሥርቶ ወደ ዳላስ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እስከዚህ ኖቬምበር ድረስ 28 ወር ሙሉ ወርሃዊውን ክፍያ የከፈልኩት ብቻዬን ነው። ጣሪያውንም በ14,000 ዶላር ያሠራሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር የእሱን ክፍል ለ14 ወር በ800 ዶላር አከራይቼ ኪራዩን እኔው ወስጃለሁ። አሁን እሱ ዳላስ ላይ ቤት ሊገዛ ስላሰበ ስሙ ከብድሩ እንዲወጣለትና ድርሻውን እንድሰጠው ጠየቀኝ። ቤቱ ዛሬ 540,000 ዶላር ያወጣል ይባላል፤ ያልተከፈለው ዕዳ ወደ 366,000 ዶላር ነው። እሱ የልዩነቱ ግማሽ ይገባኛል ይላል፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን የከፈልኩት ሳይታሰብ እንዴት ይሆናል እላለሁ።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ሲሆን ደመወዜ በዓመት 78,000 ዶላር ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በመኪናዬ ሰው አመላልሳለሁ። ሌላ ብድር የለብኝም። ዕቁብ አብሮኝ የሚጥል አንድ ሰው «ዲዱ ላይ ፈርሞ ይልቀቅልህና ክፍያውን ዝም ብለህ ቀጥል፤ ባንኩ ምን አገባው?» ብሎ መከረኝ። ትክክል ነው? ዝምድናችን ሳይበላሽ ይህን ጉዳይ እንዴት ልጨርሰው?

የጓደኛው ነገር ያሳሰበው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

የክፍሉን ኪራይ ሳይደብቁ ስለጻፉልኝ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ትክክለኛ ሒሳብ ለመሥራት የሚያስችለን እርሱ ነውና።

የዕቁብ ወዳጅዎ ምክር በማኅበረሰባችን ውስጥ በሰፊው ይነገራል፤ ከእውነቱ የያዘው ግን ግማሹን ብቻ ነው፣ ያልያዘው ግማሽ ደግሞ የሚያርፈው በጓደኛዎ ትከሻ ላይ ነው። ቤት በሞርጌጅ፣ ማለትም ቤቱ ራሱ መያዣ በሚሆንበት ብድር፣ ሲገዛ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ይፈረማሉ። ዲዱ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ይናገራል፣ በካውንቲውም መዝገብ ይመዘገባል። የዕዳ ሰነዱ ደግሞ ገንዘቡን እከፍላለሁ ተብሎ ለአበዳሪው የተገባ ቃል ነው። ጓደኛዎ ድርሻቸውን ለእርስዎ በሚያስተላልፍ ዲድ ላይ ቢፈርሙ ባለቤትነታቸው በዚያው ቀን ያበቃል፤ ዕዳቸው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። አብረው የፈረሙ ተበዳሪዎች እያንዳንዳቸው የሚጠየቁት ለግማሹ ሳይሆን ለሙሉው ዕዳ ስለሆነ፣ እርስዎ ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራ ቢያጡና ክፍያ ቢያቋርጡ አበዳሪው ዳላስ ድረስ ሄዶ ለ366,000 ዶላሩ ሊይዛቸው ይችላል፤ እሳቸው ግን ቤቱን ሸጠው ዕዳውን እንዳይከፍሉ የቤቱ ባለቤት አይደሉም። ከአየር ማረፊያ የተቀበለዎትን ሰው በዚህ ሁኔታ ላይ ጥለው መሄድ እንደማይፈልጉ ከደብዳቤዎ ይነበባል።

ባንኩን በተመለከተም «ምን አገባው» የሚያሰኝ አይደለም። አብዛኞቹ የሞርጌጅ ውሎች ባለቤትነት ያለ አበዳሪው ፈቃድ ሲተላለፍ ዕዳው በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲከፈል የመጠየቅ መብት ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የጋርን ሴንት ጀርሜይን ሕግ አበዳሪው ይህን መብት እንዳይጠቀም የከለከለባቸው ዝውውሮች አሉ፤ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ በፍቺ ውሳኔ ወይም በሞት ምክንያት የሚተላለፉት ከእነዚህ ውስጥ ይገኙበታል። አንድ ጓደኛ ለሌላው ጓደኛ በሕይወት ሳለ የሚያስተላልፈው ድርሻ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በእርግጥ ክፍያው በጊዜው እስከገባ ድረስ አበዳሪዎች ይህን መብት ሲጠቀሙበት እምብዛም አይታይም፤ ነገር ግን ቤትን ያህል ነገር በ«እምብዛም» ላይ ማቆም አልመክርም።

ስለዚህ ጓደኛዎ ከዲዱም ከዕዳውም በአንድ ላይ መውጣት አለባቸው። ወደ መንገዱ ከመግባታችን በፊት ግን ድርሻቸው ስንት እንደሆነ መተማመን ይኖርባችኋል።

540,000 ዶላር «ይባላል» በሚል ቃል ላይ አትደራደሩ። በኮምፒዩተር የሚወጡ ግምቶች የጣሪያውን መታደስም የምድር ቤቱን እርጥበትም አያዩም። ሁለታችሁም የምትስማሙበት አንድ ፈቃድ ያለው የቤት ዋጋ ገማች ጠርታችሁ ወጪውን እኩል ተካፈሉ፤ የሚሰጠውን ቁጥር እንደምትቀበሉም ከመምጣቱ በፊት ተስማሙ። ለጊዜው 540,000ውን እንያዝና እንቀጥል። ከዚህ ላይ ዕዳው 366,000 ዶላር ሲቀነስ 174,000 ዶላር ይተርፋል፤ ግማሹ 87,000 ዶላር ነው። ጓደኛዎ የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ መነሻውም ትክክል ነው። ቤቱ ዋጋ የጨመረው ሁለታችሁም ባለቤት ሳላችሁ ስለሆነ «በጊዜው ያዋጣኸውን ብቻ ልመልስልህ» ማለት አግባብ አይሆንም።

እርስዎ ብቻዎን የከፈሉትን በተመለከተ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ወርሃዊ ክፍያዎ ወለድ፣ ዋናው ዕዳ፣ የንብረት ግብርና ኢንሹራንስ ተጠቃለው የሚገኙበት ነው። ወለዱ፣ ግብሩና ኢንሹራንሱ በቤቱ ውስጥ ለኖሩበት ዋጋ እንደ ኪራይ ቢታዩ ፍትሐዊ ይመስለኛል፤ ጓደኛዎ በእነዚያ ወራት በቤቱ አልተጠቀሙምና። ዋናውን ዕዳ የቀነሰው ገንዘብ ግን የጓደኛዎንም ዕዳ የቀነሰ ስለሆነ ግማሹ ሊታሰብልዎ ይገባል። በእርስዎ ብድር ዓይነትና ወለድ ባለፉት 28 ወራት ዋናው ዕዳ የቀነሰው ወደ 22,600 ዶላር ነው፤ ግማሹ 11,300 ዶላር ይሆናል። ይህ ሲቀነስ የጓደኛዎ ድርሻ 75,700 ዶላር ነው። ከጣሪያው ወጪም ግማሹ፣ ማለትም 7,000 ዶላር፣ ሲነሳ 68,700 ዶላር ይቀራል። በአንጻሩ ከክፍሉ ኪራይ በአጠቃላይ የሰበሰቡት 11,200 ዶላር ነው፤ ክፍሉ የጋራ ስለነበር ግማሹ፣ 5,600 ዶላር፣ ለጓደኛዎ ይመለሳል። ሁሉም ተደምሮና ተቀንሶ የሚደርሳቸው 74,300 ዶላር ነው።

ይህንን ስሌት በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው፣ ኪራዩን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጠው ይላኩላቸው። የራሱን ዕዳ አስቀድሞ የጻፈ ሰው ሌላውን ቁጥሩን ሲያቀርብ ይታመናል። አንዳንዶች ደግሞ ቤቱ በገበያ ቢሸጥ ይወጣ የነበረው የደላላ ኮሚሽን ከድርሻው ይቀነስ ይላሉ፤ ያልተከፈለ ወጪን ከወዳጅ ላይ መቀነስ ለእኔ አይዋጥልኝም።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሪፋይናንስን ብቻ ነው፦ በእርስዎ ስም ብቻ አዲስ ብድር ይወሰዳል፣ በእርሱም አሮጌው ዕዳ ይዘጋል፣ የጓደኛዎም ድርሻ ይከፈላል። ንጹሕ መንገድ ነው፤ አሮጌው የዕዳ ሰነድ ስለሚሰረዝ ጓደኛዎ ሙሉ በሙሉ ነፃ ይወጣሉ። ቢያንስ ለ12 ወር በጋራ የተያዘ ቤት ሆኖ ዝውውሩ በጽሑፍ ስምምነት ከተደገፈ፣ የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች በሚገዛው በፋኒ ሜይ ደንብ የሚሠሩ አበዳሪዎች ለጓደኛዎ የሚከፈለውን ገንዘብ ጥሬ ገንዘብ እንደ ማውጣት አይቆጥሩትም፤ ይህም ወለዱን ይቀንሳል። ይሁንና እርስዎ ከዚያ ብድር ላይ ለራስዎ ገንዘብ መውሰድ አይችሉም።

የሪፋይናንስ ችግሩ ወለዱ ነው። እናንተ የተበደራችሁት ወለድ በታሪክ ዝቅተኛ በነበረበት ወቅት ነበር፤ ሌላው የቤት ብድር ገዢ ድርጅት፣ ፍሬዲ ማክ፣ የሚያወጣው ሳምንታዊ የወለድ አማካይ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 እስከ 2.65 በመቶ ወርዶ፣ በኦክቶበር 2023 ደግሞ ወደ 8 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ለስሌት ያህል የአዲሱን ብድር ወለድ 6.5 በመቶ እናድርገው። ዕዳውና የጓደኛዎ ድርሻ ሲደመሩ 440,300 ዶላር ነው፤ ይህ ከቤቱ ዋጋ 80 በመቶ ትንሽ ስለሚበልጥ አበዳሪውን ከኪሳራ የሚጠብቅ፣ እርስዎ ግን የሚከፍሉት የሞርጌጅ ኢንሹራንስ ያስከትላል። 8,300 ዶላር ከኪስዎ ጨምረው ብድሩን ወደ 432,000 ካወረዱት ኢንሹራንሱ ይቀራል። ያን ጊዜ ወለዱና ዋናው ዕዳ ብቻ በወር 2,731 ዶላር ይሆናል። ዛሬ የሚከፍሉት 1,711 ዶላር ገደማ ሲሆን ወደ 250 ዶላር የሚጠጋ የኤፍ ኤች ኤ ኢንሹራንስ ሲታከልበት 1,961 ይደርሳል። በየወሩ የ770 ዶላር ጭማሪ፣ ያውም እንደገና ለ30 ዓመት።

ሁለተኛውን መንገድ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ለእርስዎ ጉዳይ ግን በመጀመሪያ መሞከር ያለበት እርሱ ነው። የኤፍ ኤች ኤ ብድር በባሕርዩ ሊወረስ የሚችል ብድር ነው። ይህ አሠራር አሰምፕሽን ይባላል፦ ወለዱም፣ ቀሪው ዘመንም፣ ዕዳውም እንዳለ ሆኖ ተጠያቂው ብቻ ይቀየራል። ከዲሴምበር 15 ቀን 1989 ወዲህ በተዘጉ የኤፍ ኤች ኤ ብድሮች ላይ አበዳሪው የሚረከበውን ሰው ገቢና ክሬዲት መርምሮ ብቁ ሆኖ ሲያገኘው፣ የሚለቀውን ሰው ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ ሰነድ በጽሑፍ ይሰጣል። ለእናንተ ጉዳይ ቁልፉ ይህ ሰነድ ነው። በየወሩ ክፍያ ለሚቀበልዎ ድርጅት ደውለው «ብድሩን ብቻዬን መረከብና የጋራ ተበዳሪዬን ከኃላፊነት ነፃ ማስወጣት እፈልጋለሁ» ብለው የአሰምፕሽን ክፍሉን ይጠይቁ። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ሪፋይናንስ ብቻ ነው ያለን ካለዎት ተስፋ አይቁረጡ፤ ጥያቄዎን በጽሑፍ ይላኩ፣ የላኩበትንም ቀን ይመዝግቡ። ሒደቱ ወራት ሊወስድ ይችላል።

በዚህ መንገድ ለጓደኛዎ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ አይገኝም። ያለዎትን ቁጠባ ሰጥተው ቀሪውን በየወሩ ለመክፈል መስማማት ይቻላል። ምሳሌ ልስጥዎ፦ 74,300 ዶላሩን በሙሉ በ10 ዓመት፣ በ5 በመቶ ወለድ ቢከፍሉ ወርሃዊው 788 ዶላር ነው። ከአሮጌው ብድር ጋር ሲደመር 2,749 ዶላር ይመጣል፤ ከሪፋይናንሱ 2,731 ጋር እኩል ነው ሊባል ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው በኋላ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ የጓደኛዎ ክፍያ ያልቃል፤ ከ25 ዓመት በኋላም ቤቱ ከዕዳ ነፃ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ቢከፈሉ በሁለቱ መንገዶች የሚወጣው ወለድና ኢንሹራንስ ከ300,000 ዶላር በላይ ይለያያል። የኤፍ ኤች ኤ ኢንሹራንሱ በእርስዎ ዓይነት ብድር ላይ እስከ መጨረሻው የማይነሳ መሆኑን ጨምሬ ነው ይህን የምለው።

ለጓደኛዎ የሚከፍሉት ግን በቃል መሆን የለበትም። መጠኑ፣ ወለዱ፣ የሚከፈልበት ቀንና ሲዘገይ የሚሆነው ሁሉ በዕዳ ሰነድ ተጽፎ፣ በቤቱ ላይ በሁለተኛ ደረጃ መያዣ ሆኖ በካውንቲው ይመዝገብ። ያን ጊዜ ቤቱ ቢሸጥ ከመጀመሪያው አበዳሪ ቀጥሎ የሚከፈላቸው እሳቸው ይሆናሉ። ከወንድሜ ወለድ አልቀበልም ቢሉዎ የልባቸውን ያውቃሉ፤ ነገር ግን የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ዓይነት ስምምነቶች በየወሩ ዝቅተኛ የወለድ መጠን ያወጣል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ወለድ እንደተቀበሉ አድርጎ ሊቆጥርባቸው ይችላል። ይህን ሁለተኛ ዕዳ ብድሩን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ከመጀመሪያው ይግለጹ፤ መደበቅ ማመልከቻውን ያበላሻል።

የገቢዎ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። በኤፍ ኤች ኤ መደበኛ መለኪያ መሠረት የወር ዕዳዎ በጠቅላላ ግብር ካልተቀነሰለት ገቢዎ ከ43 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ለንብረት ግብርና ለቤት ኢንሹራንስ 550 ዶላር እንያዝ፤ አሮጌው ብድርና የጓደኛዎ ክፍያ ተጨምሮ 3,299 ዶላር ይሆናል። በደመወዝዎ ብቻ የሚፈቀድልዎ ደግሞ 2,795 ዶላር ነው። ስለዚህ የቅዳሜና እሁዱ ሥራ መቆጠር አለበት።

አበዳሪው የሚቆጥረው መኪናው ያስገባውን ሳይሆን በታክስ ሪተርንዎ ላይ ወጪ ተቀንሶ የቀረውን ትርፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሁለት ዓመት አማካይ ይወስዳል። በ2024 በሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል 67 ሳንቲም መቀነስ ይፈቀድ ስለነበር፣ 20,000 ማይል የነዳ ሰው 13,400 ዶላር ያነሳል። 30,000 ዶላር ገብቶ ተሳፋሪ የሚያገናኘው መተግበሪያ የሚወስደው ኮሚሽንና ሌላው ወጪ 7,600 ዶላር ቢሆን ወረቀቱ ላይ የሚቀረው 9,000 ዶላር ብቻ ነው። ለግብር ጥሩ ነው፣ ለብድር ግን ሰውን ድሃ ያስመስላል። ይሁንና ከ67 ሳንቲሙ ውስጥ 30 ሳንቲሙ የመኪናው እርጅና ስለሆነ ከኪስ የወጣ ገንዘብ አይደለም፤ አበዳሪዎች መልሰው ይደምሩታል። በምሳሌአችን 6,000 ዶላር ተመልሶ ገቢው 15,000፣ በወር 1,250 ዶላር ይሆናል። ከደመወዝዎ ጋር ተደምሮ የሚፈቀደው 3,332 ዶላር ላይ ይደርሳል፤ ለጥቂት ያልፋል። የእርስዎን ማይሎች በሒሳብ ሠራተኛዎ ዘንድ አሁኑኑ ያስቆጥሩ፤ ማመልከቻዎን የሚመረምረው የአበዳሪው ሠራተኛም እርጅናውን እንዲደምር በጽሑፍ ያስታውሱት። የማይል መዝገብ ካልያዙ ከዛሬ ጀምረው ይያዙ።

ስለ ጊዜውም ማሳሰብ አለብኝ፤ የሚያሳስበኝ ለጓደኛዎ ነው። አንድ ሰው ቤቱን ወይም ድርሻውን ሲሸጥ፣ ከሽያጩ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት ባለቤት ሆኖ የኖረበት ከሆነ፣ እስከ 250,000 ዶላር የሚደርስ ትርፍ ከፌዴራል ግብር ነፃ ነው። የጓደኛዎ ትርፍ 60,000 ዶላር ገደማ ስለሆነ በቀላሉ ይሸፈናል። ነገር ግን ከቤቱ የወጡት በጁላይ 2023 ስለሆነ፣ ከጁላይ 2026 በኋላ የሁለት ዓመቱ መስፈርት አይሟላላቸውም። ይህን ቀን ይንገሯቸው። ለሁለታችሁም ከመጨቃጨቅ ይልቅ ለመጨረስ ጥሩ ምክንያት ነው።

ዳላስ ስለሚገዙት ቤትም አንድ የሚያረጋጋ ነገር ልንገርዎ። ኤፍ ኤች ኤ በመርሕ ደረጃ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ ብድር በላይ ባይሰጥም፣ የጋራ ቤቱን ለጋራ ተበዳሪው ትቶ የወጣ ሰው ሌላ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ስማቸው እስኪወጣ ድረስ አሮጌው ክፍያ በገቢያቸው ስሌት ውስጥ እንዳይያዝባቸው ደግሞ፣ ያለፉትን 12 ወራት ክፍያ ከእርስዎ ሒሳብ እንደወጣና አንድም እንዳልዘገየ የሚያሳይ የባንክ መግለጫ ይስጧቸው። ይህ ወረቀት በብዙ አበዳሪዎች ዘንድ ይሠራል፤ ዛሬ ማታ ሊልኩላቸው የሚችሉት የወዳጅነት ሥራ ነው።

መዝጊያው የባለቤትነት ዝውውርን በሚያስፈጽም ድርጅት፣ በታይትል ካምፓኒ፣ በኩል ይሁን። ጓደኛዎ የሚፈርሙት ዲድ በኩባንያው እጅ ይቆያል፤ ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገው ሰነድና የእርስዎ የዕዳ ሰነድ ከተሟሉ በኋላ ብቻ ወደ መዝገብ ይገባል። ዲዱ ቀድሞ እንዳይሄድ አደራ። ለሜሪላንድ የዝውውር ግብር ገንዘብ ያስቀምጡ፤ የክፍለ ግዛቱ 0.5 በመቶ ሲሆን ካውንቲውም የራሱን ያስከፍላል፤ ለጓደኛዎ የሚከፍሉት ብቻ ሳይሆን የሚረከቡት የዕዳ ድርሻም እንደ ዋጋ ሊቆጠር ይችላል። በባልና ሚስትና በቅርብ ዘመዶች መካከል ለሚደረግ ዝውውር ያለው ነፃነት ለጓደኛ አይሠራም።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ዲዱን አውጥተው ያንብቡት። በሜሪላንድ በሞት ጊዜ ድርሻ ለቀሪው ባለቤት የሚያልፈው ዲዱ «ጆይንት ቴናንትስ» ብሎ በግልጽ ከጻፈ ብቻ ነው፤ ካልጻፈ አንዳችሁ ብትሞቱ ግማሹ ለሟቹ ወራሾች ይሄዳል። ጓደኛዎ አሁን ባለትዳር ናቸው። ስለዚህ ባለቤታቸው ሒሳቡን ከመጀመሪያው ይወቁት፤ የባሏን ገንዘብ በወሬ የሰማች ሚስት ቅር ብትሰኝ አይፈረድባትም።

ካልተስማማችሁ ማንኛውም የጋራ ባለቤት በፍርድ ቤት በኩል ክፍፍል ሊጠይቅ ይችላል፤ ቤት ለሁለት ስለማይከፈል ፍርድ ቤቱ ያሸጠዋል፣ ከዋጋውም ላይ የጠበቃና የሽያጭ ወጪ ይነሳል። ከዚያ በፊት ሁለታችሁንም የሚያውቁ፣ ቁጥርም የሚገባቸው ሁለት ሽማግሌዎች ያችን አንድ ገጽ ስሌት ይዘው ቢቀመጡ እመርጣለሁ።

ሌላ ጥያቄ

በቨርጂኒያ የምኖር ሴት ነኝ። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ቤት ገዝተን ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ስለተቀያየምን ምንም ሳልቀበል ዲዱ ላይ ፈርሜላት ወጣሁ። «ስምሽን ከብድሩ በሦስት ወር አስወጣለሁ» ብላ ነበር። እስካሁን አልወጣም። ባለፈው ወር ለአፓርታማ ሳመለክት የሞርጌጅ ክፍያ በ30 ቀን ዘግይቷል ተብሎ በክሬዲቴ ላይ አየሁ። ምን ላድርግ?

ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

እህቴ፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ የሰጋሁት በእርስዎ ላይ ደርሷል፤ ከልቤ አዝናለሁ። ባለቤትነትዎን ስለሰጡ ቤቱ ይሸጥልኝ ብለው ፍርድ ቤት መሄድ ይቸግርዎታል፤ ለዕዳው ግን አሁንም እንደ ጓደኛዎ ሙሉ ተጠያቂ ነዎት። የ30 ቀን መዘግየት በክሬዲት መዝገብ ላይ እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል የመጀመሪያው ሥራ ሁለተኛው እንዳይከተል ማድረግ ነው። ተበዳሪ ስለሆኑ ብድሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት መረጃ ሊነፍግዎ አይችልም፤ በስምዎ የኢንተርኔት መግቢያ ይክፈቱና ክፍያ ሲዘገይ መልእክት እንዲደርስዎ ያድርጉ። ሊዘገይ ሲል አቅም ካለዎት ራስዎ ይክፈሉ፣ ደረሰኙን ይያዙ፤ የከፈሉትን ከጓደኛዎ የመጠየቅ መብት አለዎት።

ከዚያ በኋላ ለጓደኛዎ በጽሑፍ፣ ቀን ወስነው ይጠይቋት፦ ብድሩ የኤፍ ኤች ኤ ወይም የቀድሞ ወታደሮች ብድር ከሆነ በአሰምፕሽን፣ ካልሆነ በሪፋይናንስ፣ ያም ካልተቻለ ቤቱን በመሸጥ ስምዎን እንድታወጣ። በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት የገባችው የሦስት ወር ቃል ካለ አይደምስሱት፤ ያንን ይዘው በቨርጂኒያ የንብረት ጉዳይ ጠበቃ ያማክሩ። አቅም ካጠረዎት የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ያጸደቃቸው የቤት አማካሪዎች በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ ይረዳሉ። ለአፓርታማው አከራይም ክፍያው የማን እንደሆነና ቤቱ ውስጥ እንደማይኖሩ የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ከተመዘገበው ዲድ ቅጂ ጋር ያያይዙለት፤ የዲዱን ቅጂ ከከተማው ፍርድ ቤት የመሬት መዝገብ ያገኛሉ።